ውሃው ሲሄድ አፈሩም ተከትሎ ሄደ

ከአፉላ ኢሊት አዛውንቶቻችንን በአውቶቡስ ይዘን ወደ ሁላ ሸለቆ ስንወጣ፣ ደንቢያ ያደጉት ከሁሉ በፊት ዓይናቸው የሚያርፈው ደንገሉ ላይ ነው። ጣና ዳር ታንኳ የሚሠራበት ደንገል እዚህም በሰሜን እስራኤል ውሃ ውስጥ በቅሏል። ባለፈው ጉዞ አንድ አባት ጥቁሩን አፈር በጫማቸው ጫፍ ጫር ጫር አድርገው፣ «ልጄ፣ ይህን የመሰለ መሬት ለምን ውሃ ያስተኙበታል? ቢታረስ አይሻልም?» አሉኝ። «አባባ፣ ታርሶ ነበር» አልኳቸው። መልሱ ግን እዚያው ቆመን የሚያልቅ አልነበረምና እዚህ ላስፋው።

ከ1951 እስከ 1958 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቀረን ቃየሜት (የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ) የሁላን ሐይቅና በዙሪያው የነበረውን ረግረግ አጠነፈፈ። ዮርዳኖስን አስፍቶና አጥልቆ፣ ቦዮችም ቀድዶ፣ ውሃውን ወደ ኪኔሬት ሐይቅ ለቀቀው። ሥራው ያለ ምክንያት አልተጀመረም። ቦታው ወባ ለዘመናት ሰው የፈጀበት ነው፤ አዲሷ አገር ደግሞ ስደተኛ እየተቀበለች እህልና የእርሻ መሬት ትሻ ነበር። ስለዚህ የወሰኑትን ሰዎች አልኮንንም። ያኔም የተቃወሙ ነበሩ፤ የእስራኤል ተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በ1953 የተመሠረተው በዚሁ ክርክር መካከል ነው። ከረግረጉ የተረፈችው ትንሽ ቁራጭ በ1964 የአገሪቱ የመጀመሪያ ጥብቅ የተፈጥሮ ቦታ ሆነች።

የሁላ አፈር ጥቁር ቢሆንም ከሰፈራችን በታች በኢይዝራኤል ሸለቆ ከምናየው ጥቁር አፈር ጋር አንድ አይደለም። የእኛው ሸለቆም በ1920ዎቹ ረግረጉ ተጠንፍፎ የታረሰ ነው፤ አፈሩ ግን ሲዘንብ እግር የሚይዝ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ዋልካ ነው። የሁላው ፒት ይባላል፤ በዕብራይስጥ ካቡል የምንለው ነው። ደንገልና ሸምበቆ ሞቶ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ አየር ስለማያገኝ በቅጡ አይበሰብስም። በላዩ ሌላው ይወድቃል፣ በዚያም ላይ ሌላው። እንዲህ ያለ አፈር የሚከማቸው በዓመት ቢበዛ አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው፤ አንድ ሜትር ለመሙላት ሺህ ዓመት ገደማ ይወስዳል። ዕፅዋቱ በሕይወት ሳሉ ከአየር የሳቡት ካርቦን እዚያው ተቀብሮ ይቀመጣል።

ውሃው ሲጠነፈፍ ግን አየር ወደ ታች ይገባል። እርጥበቱ አፍኗቸው የቆዩት ደቃቅ ተሕዋስያን ይነቁና አፈሩን መብላት ይጀምራሉ፤ የዘመናት ጎተራ ለነቀዝ እንደ መክፈት ነው። የበሉት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ ሰማይ ይወጣል። ጋዙ በዓይን አይታይም፤ የመሬቱ መውረድ ግን ይታያል። በሁላ መሬቱ በየዓመቱ በሴንቲሜትሮች እየሰመጠ ሄደ። የደረቀው ፒት ከመሬት በታች እሳት እየያዘ ለማጥፋት አስቸገረ፣ ነፋስ አቧራውን አነሳው፣ አይጦችም እርሻውን ወረሩት። ገበሬዎች ብዙ ተስፋ ከጣሉበት መሬት ከፊሉን ትተው ወጡ።

ሌላም ጉዳት አለ። ፒት ናይትሮጅን የጠገበ አፈር ስለሆነ ሲበሰብስ ናይትሬት ይለቃል። ዝናብ ሲመጣ ናይትሬቱ በዮርዳኖስ አድርጎ ለመጠጥ ወደምንጠቀምበት ኪኔሬት ይወርዳል፤ ድሮ ይህን ያጣራ የነበረው ረግረጉ ነው። ከናይትሮጅኑ ጥቂቱ ደግሞ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይተናል። ይህ ጋዝ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ምድርን በማሞቅ ረገድ በክብደት ሲነጻጸር ካርቦን ዳይኦክሳይድን በመቶ ዓመት ስሌት ወደ 270 እጥፍ ይበልጠዋል።

የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ፓነል፣ አይፒሲሲ፣ ልኬት ለሌላቸው አገሮች ባወጣው መደበኛ ስሌት፣ በመካከለኛ የአየር ጠባይ ተጠንፍፎ የሚታረስ አንድ ሄክታር ፒት በዓመት 29 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። አንድ ሄክታር በእኛ አቆጣጠር አሥር ዱናም ነው። ከዚያች ቁራጭ መሬት የበርካታ መኪናዎችን የዓመት ጭስ የሚያህል ጋዝ ይወጣል ማለት ነው፤ ያውም በየዓመቱ፣ ፒቱ እስኪያልቅ ወይም ውሃው እስኪመለስ። በዓለም ደረጃ ፒት የሸፈነው የየብስ ስፋት 3 በመቶ ገደማ ቢሆንም፣ የያዘው ካርቦን የዓለም ደኖች ሁሉ ዕፅዋት ከያዙት ይበልጣል። የተጠነፈፈው ክፍል ብቻውን የሰው ልጅ ከሚለቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ 4 በመቶ ያህሉን ያወጣል።

እንግዲህ አባባ የጠየቁኝ ውሃ የተመለሰው በ1994 ነው። አጋሞን የሚባል ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ካሬ የሚጠጋ ትንሽ ሐይቅ ተሠራ፤ በዙሪያው ባለው እርሻም የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ እንዲል ተደረገ። ዓላማው ፒቱን ማርጠብ፣ እሳቱን ማቆም፣ ናይትሬቱ ኪኔሬት እንዳይደርስ መያዝ ነበር። ዛሬ በክረምት አጉሪም የምንላቸው ረጅም እግር ወፎች በአሥር ሺዎች ያርፉበታል፤ ጎብኚውም እነሱን ለማየት ይጎርፋል። ጠፍታለች ተብላ የነበረች የሁላ እንቁራሪትም በ2011 እዚያው ሸለቆ ተገኝታለች። እኔን ግን ከወፎቹ ይልቅ በዓይን የማይታየው የከርሰ ምድር ውሃ ከፍታ ያሳስበኛል።

እርጥብ ረግረግ ሚቴን እንደሚለቅ አልክድም፤ ሚቴንም ኃይለኛ ጋዝ ነው። ነገር ግን አየር ላይ የሚቆየው አሥር ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ ከደረቀ ፒት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን እየተደራረበ ለብዙ ትውልድ ይቀመጣል። ደግሞም መሬቱን ሁሉ ሐይቅ ማድረግ ግድ አይደለም። በብሪታንያና በአየርላንድ ተለክቶ በ2021 የታተመ ጥናት፣ ጠልቆ የወረደው ውሃ በ10 ሴንቲሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ከሄክታር በዓመት ቢያንስ 3 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚመጣጠን ጋዝ እንደሚቀር አሳይቷል። ሳርና የከብት መኖ በእርጥብ መሬትም ይበቅላል። ገበሬው ግን ምርቱ ሲቀንስበት ኪሳራውን ብቻውን መሸከም የለበትም፤ ከሚድነው አየርና ከኪኔሬት ውሃ ሁላችንም ስለምንጠቀም፣ ካሳው ከሁላችን ግብር መውጣት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ይህን ስጽፍ ልቤ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ኢሉባቦር ላይ ነው። እዚያ ገበሬዎች በሸለቆ ውስጥ ያሉ ረግረጎችን ለበቆሎ ያጠነፍፋሉ፤ በቆሎው የሚደርሰው የደጋው እህል ጎተራ ውስጥ ባለቀበት ወቅት ስለሆነ ለብዙ ቤት የመትረፍ ጉዳይ ነው። እንደ ሁላው ሐይቅ የሚያህል ውሃ በማሽን አላደረቁም፤ ቦዩን በእጃቸው ይቆፍራሉ። የረግረጉን ራስ ሳይነኩ ለጨፌው የሚተዉ አሉ፤ ጨፌው ለቤት ክዳን ይታጨዳል፣ ምንጩም አይነጥፍም። ሙሉ በሙሉ የተጠነፈፈው ግን አፈሩ እየደከመ፣ ውሃው እየራቀ ይሄዳል። በሁላ በትልቅ በጀትና በመሐንዲስ ውሃ ሲመለስ እንኳ የተመለሰው ከሄደው ጥቂቱ ነው። የኢሉባቦር ገበሬ ያን ገንዘብ የለውም፤ የረግረጉን ራስ ሳያርስ ለተወው ግን ዘርና ብድር ቢቀድምለት፣ ረግረጉን ለማዳን የሚወጣው ወጪ በጣም ትንሽ ይሆናል።