«ሰኞ ነበር»፦ የደሴ መሐል ከተማ ከድብደባው በፊትና በኋላ በአንዲት ተራኪ ትውስታ

መግቢያ

በ1976 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ዲግሪ ማሟያ የሚሆን ጽሑፍ ሳዘጋጅ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስለ ደረሰው የደሴ ድብደባ አያቴን ጠይቄ ቃላቸውን በቴፕ ቀርጬ ነበር። እሳቸውም ትረካቸውን የጀመሩት «ሰኞ ነበር፤ ገበያ ነበር» ብለው ነው። እኔ ግን ድብደባው የተፈጸመው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. መሆኑን ከመጻሕፍት አውቅ ስለ ነበር፣ ዕለቱን ቆጥሬ ዓርብ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ የቃላቸውን መግቢያ ከጽሑፌ አወጣሁና በግርጌ ማስታወሻ «ተራኪዋ ዕለቱን ተሳስተዋል» ብዬ አለፍኩ።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ያ ማስታወሻ ለምን ጉድለት እንደ ነበረበት ነው። ዕለቱ ዓርብ ለመሆኑ ጥርጥር የለኝም። የጎደለው ንባቤ ነበር። አንድ ከተማ ተደብድቦ መሐሉ ሲጠፋ፣ የነበረውን የሚያስታውስ ሰው ትረካውን በምን ዓይነት ቋንቋ እንደሚያዋቅር አላስተዋልኩም ነበር።

ድብደባው በጽሑፍ ማስረጃ

የጣሊያን ጦር ወረራውን የጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከድብደባው ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው ደሴ ገብተው ስለ ነበር ከተማዋ የጦር መምሪያ ሆና ነበር። ኅዳር 26 ቀን ጠዋት የጣሊያን አይሮፕላኖች በከተማዋ ላይ ፈንጂና ተቀጣጣይ ቦምብ ጣሉ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የተፈሪ መኮንን ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። በከተማዋ የነበሩ የውጭ አገር ሐኪሞችም ድርጊቱን በመቃወም ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ቃላቸውን አስተላለፉ። ከአራት ወር ያህል በኋላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር ደሴ ገባ።

በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ያ ዕለት በአንድ ፎቶግራፍ ይወከላል፤ ንጉሠ ነገሥቱ መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲያነጣጥሩ የሚታዩበት ነው። የሕይወት ታሪካቸው «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ም ድብደባውን ያነሣል። እነዚህ ማስረጃዎች ማን ምን እንዳደረገና መቼ እንደ ተደረገ ይነግሩናል። ነገር ግን ፎቶግራፉ መትረየሱን ሲያሳይ ከበስተኋላው የነደደውን መንደር አያሳይም። የዚያን መንደር መልክ የምናገኘው ከነዋሪው አፍ ነው።

ከድብደባው በፊት፦ «ይሸጥ ነበር»

አያቴ በዚያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው ከገበያው አጠገብ በሣር ክዳን ጎጆ እየኖሩ ጌሾ ይሸጡ ነበር። የነገሩኝን ከማስታወሻ ደብተሬ ላይ እንዳለ ላስፍረው፤

«ከደጋ የመጣው ገብሱንና ባቄላውን፣ የበግ ጠጉር ባናውን ይዞ በላይ በኩል ይቀመጥ ነበር። ከቆላ የመጣው ጥጡን ይዞ በታች። አሞሌ ጨው የጫኑ ግመሎች ከሁሉ ቀድመው ይገቡ ነበር። እናቴ ከበርበሬ ሻጮቹ ጎን ትቀመጥ ነበር፤ እኔ ከእግሯ ሥር። ጦሳ ላይ ፀሐይ ስታርፍ ገበያው ይሞላ ነበር።»

አንባቢ በዚህ ክፍል ያሉትን ግሶች ልብ እንዲል እፈልጋለሁ። «ይቀመጥ ነበር»፣ «ይገቡ ነበር»፣ «ይሞላ ነበር» ይላል። ይህ የግስ ዓይነት በአማርኛ አንድ ጊዜ የሆነን ድርጊት አይነግርም፤ ሲደጋገም የኖረን፣ ልማድ የሆነን ነገር ይነግራል። አያቴ ከድብደባው በፊት ስለ ነበረችው ደሴ በተናገሩበት ክፍል ሁሉ ከዚህ የወጣ ግስ የለም ማለት ይቻላል። ከተማዋ በእሳቸው ትውስታ ውስጥ በአንድ ቀን አትታይም፤ የምትታየው በሚመላለስ ቀን ነው። የሚመላለሰውም ቀን ሰኞ ነው። ደሴ ውስጥ እስከ ዛሬ ሰኞ ገበያ የሚባል ሰፈር አለ፤ የቦታው ስም ራሱ ቀን ተሸክሞ ይኖራል።

በሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን «መቼት» የምንለው ቃል «መቼ» እና «የት» ከሚሉት ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው። ተማሪዎች ቃሉን ሲተነትኑ ብዙ ጊዜ ሁለቱን ለያይተው ያስቀምጧቸዋል፤ ጊዜው ይህ፣ ቦታው ያ እያሉ። አያቴ ግን አልለዩአቸውም። «ሰኞ ነበር» ሲሉ ጊዜውን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም እየነገሩኝ ነበር።

ድብደባው፦ «መጣ፣ ጣለ፣ ነደደ»

ወደ ድብደባው ሲደርሱ ግሱ በድንገት ይለወጣል፤

«ድምፅ ሰማሁ። ተርብ መሰለኝ። ጦሳና አዝዋ ገደል ድምፁን ተቀባበሉት፤ ከየት እንደ መጣ አላወቅንም። ቀና አልኩ። ጣለ። የጎረቤታችን ክዳን ነደደ፤ ቀጥሎ የኛ። ሣር ከሣር ተቀባበለው። እናቴ ጌሾውን አነሣች፤ ከዚያ ጣለችውና እኔን አነሣች።»

እዚህ ላይ ልማድ የለም። ግሶቹ አጫጭር ኀላፊዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ሆኖ ያበቃል። «ነበር» የሚለው ረዳት ግስ ከዚህ ክፍል ፈጽሞ ጠፍቷል። የደሴ አቀማመጥም በትረካው ውስጥ ገብቷል፤ ከተማዋ በተራሮች መካከል ስለ ተቀመጠች የሞተሩ ድምፅ ከገደል ገደል ሲመለስ አቅጣጫው ጠፍቷቸዋል። ተቀጣጣይ ቦምብ በሣር ክዳን ላይ የሚያደርሰውን ጥፋት ለማስረዳትም «ሣር ከሣር ተቀባበለው» ከሚለው የተሻለ አገላለጽ አላገኘሁም። «ተቀባበለ» የሚለው ግስ ሁለት ጊዜ መመላለሱንም ልብ ይሏል፤ አንድ ጊዜ ለድምፁ፣ አንድ ጊዜ ለእሳቱ።

ከድብደባው በኋላ፦ «የነበረበት»

ሦስተኛው ክፍል ሌላ መልክ አለው። ከዚያ ቀን በኋላ ስላለችው ደሴ ሲናገሩ ቦታዎችን የሚጠሩት ባለው ሳይሆን በጠፋው ነው። «የእናቴ ጎጆ የነበረበት»፣ «በርበሬ ሻጮቹ የነበሩበት» ይላሉ። በኋላ በጣሊያን ዘመን መንገድ ተሠራ፤ የድንጋይና የቆርቆሮ ቤት በረከተ፤ ፒያሳ የሚል ከጣሊያንኛ የመጣ ስምም ለመሐል ከተማው ተሰጠ። አያቴ ግን ከእኔ ጋር በፒያሳ ሲያልፉ የሚጠቁሙኝ በአዲሶቹ ሕንፃዎች ላይ ቆሞ የማይታየውን ነበር። አንድ ቀን «እማማ፣ እዚህ እኮ ሱቅ ነው ያለው» ብላቸው «እሱማ አሁን ነው፤ ልጄ» አሉኝ።

እንግዲህ ሦስቱን አሠላለፎች ጎን ለጎን ስናያቸው፣ ከፊት የነበረችው ከተማ በልማድ፣ ድብደባው በቅጽበት፣ የቀረችው ከተማ ደግሞ በጉድለት እንደ ተነገረች እናስተውላለን። «ሰኞ ነበር» የሚለው ዐረፍተ ነገር የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ እኔ ግን የሁለተኛው ክፍል አድርጌ አነበብኩት። አያቴ የነገሩኝ ቦምቡ የወደቀበትን ዕለት ሳይሆን ቦምቡ ያጠፋውን ነበር። የጠፋው ሰኞው ነው።

ለንጽጽር፦ ሐረር

ይህ ነገር በየከተማው አንድ ዓይነት አይሆንም። ሐረር መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ተደብድባለች። ነገር ግን የሐረር ጀጎል በድንጋይ ግንብ የተከበበ፣ ቤቶቹም የድንጋይ የሆኑ አሮጌ ከተማ ነው። ከድብደባው በኋላም ግንቡና በሮቹ፣ ጠባብ መንገዶቹም በአብዛኛው ስለ ቀሩ፣ በዚያ የሚተርክ ሰው ትውስታውን የሚያስደግፍበት ግድግዳ አለው፤ በር ጠቅሶ፣ መንገድ ጠቅሶ ይናገራል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብም የተመዘገበው ቆሞ የሚታይ ነገር ነበር።

የደሴ የሣር ጎጆ ግን አመድ ሆኖ ነፋስ ወስዶታል። ሊመዘገብ የሚችል ፍርስራሽ እንኳ አልተወም። ስለዚህ የደሴ ተራኪ የሚደገፍበት ግድግዳ ሲያጣ በቀን ስም ይደገፋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ከተማ የሰው ቃል ከታሪክ ማስረጃ ላይ የሚጨመር ጌጥ አይደለም። የፈረሰው ቤት ያለው በዚያ ቃል ውስጥ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

አያቴ በ1979 ዓ.ም. ዐረፉ። ያ ቴፕ ዛሬ የለም፤ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ሌላ ነገር ቀረጽኩበት። በዚያን ጊዜ ካሴት ውድ ነበር፤ እኔም የሚያስፈልገውን ገልብጬ ጨርሻለሁ ብዬ አምኜ ነበር። ከላይ የጠቀስኳቸው ቃላት የተገኙት ከማስታወሻ ደብተሬ ነው። ከ«ሰኞ ነበር፤ ገበያ ነበር» ቀጥሎ ያለውን ግን «ስሕተት» ብዬ ስለ ሰረዝኩት ወደ ደብተሩም አልገለበጥኩትም። ሁለት ደቂቃ ያህል ንግግር ነበር። በዚያ ውስጥ የማን ስም፣ የየትኛው ቤት ቦታ እንደ ተነሣ ዛሬ ማወቅ አልችልም።

ከዚህ በመነሣት ቃል ለሚሰበስቡ ተማሪዎች ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የተራኪው ቃል ከጽሑፍ ማስረጃ ጋር ሲጋጭ ሁለቱንም አስፍሩ፤ አንዱን ለማረም ብላችሁ ሌላውን አትሰርዙ። ሁለተኛ፣ «ልክ ነው ወይስ ስሕተት?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት የግሱን ዓይነት ተመልከቱ፤ ተራኪው ስለ አንድ ቀን ይናገር ወይም ስለ ልማድ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ሦስተኛ፣ የቀረጻችሁትን አታጥፉ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ዳግመኛ ደሴ ደርሶ ነበር። ዛሬ በከተማዋ «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉ ወጣቶች አሉ፤ ወደፊትም ጠያቂ ይመጣባቸዋል። ጠያቂው ቀን ቆጥሮ እንዳያርማቸው ከወዲሁ መናገር ተገቢ ይመስለኛል። እኔም በበኩሌ በ1976 ዓ.ም. የጻፍኩትን የግርጌ ማስታወሻ በዚህ ጽሑፍ አንሥቻለሁ። ተራኪዋ አልተሳሳቱም።