ያላለቀ አካል መመዘን፦ ከአዳማ እስከ በቆጂ የታዳጊ ስፖርተኞች ምልመላ ሳይንስ

በስፖርት ምልመላ ማለት ገና ያልበሰለን ወጣት ዛሬ ባለበት አይቶ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ የሚደርስበትን መገመት ሲሆን፣ ሥራውን ከባድ የሚያደርገውም በመዛኙ ፊት የሚቆመው አካል ነገ የሚወዳደረው አካል አለመሆኑ ነው። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ሜዳዎች ለታዳጊ ቡድን ሙከራ የሚቀርብ የ14 ዓመት ልጅም ሆነ፣ ከአዳማ በዴራና በኢተያ በኩል ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ተጉዞ በሚደረስባቸው በአሰላና በበቆጂ በሩጫ የሚፈተን እኩያው፣ የሚታይባቸው ብቃት ከሦስት ነገሮች የተገመደ ነው፤ ከተፈጥሮ ተሰጥኦ፣ እስከዚያ ቀን ከተገኘ ሥልጠናና ከጉርምስና ደረጃ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ወይም በአንድ ዙር ሩጫ የሚታየው የሦስቱ ድምር ብቻ ስለሆነ፣ የመልማዩ ሙያ የሚጀምረው ድምሩን ወደ ክፍሎቹ ከመበተን ነው።

ከሦስቱ በብዛት የሚያሳስተው ጉርምስና ነው። ቁመት እጅግ የሚፋጠንበት ጊዜ በወንዶች በአማካይ 14 ዓመት ገደማ፣ በሴቶች 12 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ፍጥነቱ ጣሪያ በሚነካበት ወቅት አንድ ወንድ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ 9 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ሊመዘዝ ይችላል። አማካዩ ግን ብዙ ይሸፍናል፤ በልደት ቀን እኩያ የሆኑ ሁለት የ13 ዓመት ልጆች በአጥንት ብስለታቸው ሲለኩ በመካከላቸው የአራት ዓመት ያህል ልዩነት ሊገኝ ይችላልና። ፈጥኖ የጎረመሰው ልጅ ጡንቻው ስለዳበረ፣ ልቡና ሳንባውም ስለሰፉ በትከሻ ግፊያ ያሸንፋል፣ በአጭር ርቀት ይቀድማል፣ ከመዛኙ ዓይንም አይጠፋም። ዘግይቶ የሚጎረምሰው ደግሞ በጉልበት እንደማይችል ስለሚያውቅ ኳስ ሳይደርሰው ዙሪያውን ማየትን፣ አቋቋምን ማሳመርንና ቀድሞ መገመትን ይማራል፤ ይህ ትምህርት ቁመቱ ከደረሰ በኋላም አብሮት የሚኖር ሀብት ቢሆንም፣ ጥቅም ላይ የሚውለው ልጁ እስከዚያ ድረስ ከቡድኑ ካልተባረረ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የቀን መቁጠሪያ የራሱን አድልዎ ይጨምራል። የታዳጊዎች ዓለም አቀፍ ውድድሮች ዕድሜን የሚቆርጡት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በጃንዋሪ 1፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ በታኅሣሥ 23 ቀን ስለሆነ፣ ታኅሣሥ 24 የተወለደና በተከታዩ ዓመት ታኅሣሥ 20 የተወለደ ልጅ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀናት የቀረው ልዩነት እያላቸው በአንድ የዕድሜ እርከን ይሰለፋሉ። ካናዳዊው ሮጀር ባርንስሊና ባልደረቦቹ በ1985 (ሌላ ካልተባለ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት የጎርጎርዮስ ናቸው) በበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ እንዳሳዩት፣ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት ከድርሻቸው በላይ ይመረጣሉ፤ የልደት ወር ተሰጥኦ የማይሰጥ ነገር ስለሆነ ይህ የምርጫ ስህተት እንጂ የችሎታ ልዩነት ሊሆን አይችልም። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች ዕድሜያቸው የሚታወቀው በቤተሰብ ትውስታ ነው። ፊፋ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች በሚደረገው የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓን በኤም አር አይ የሚመረምረው፣ በአንጓው አጠገብ ያለው የክንድ አጥንት ማደጊያ ክፍል ሙሉ በሙሉ ከተገጠመ ወጣቱ ከ17 ዓመት በታች የመሆኑ ዕድል እጅግ ጠባብ ስለሆነ ነው። ይህ ምርመራ ግን ዕድሜን ለማጣራት እንጂ ተሰጥኦን ለመለየት አይጠቅምም፤ ዕድሜው የተቀነሰለትን ተጫዋች ከውድድር ሲያስወጣ፣ ቦታውን በእርሱ የተነጠቀውን ትንሹን ልጅ ግን አይመልስም።

የጉርምስናን ደረጃ ለመለየት የሚያስፈልገው መሣሪያ ከኤም አር አይ እጅግ የረከሰ ነው። ልጁ ጫማውን አውልቆ ጀርባውንና ተረከዙን ከግድግዳ አስጠግቶ ሲቆም ቁመቱ ይለካል፤ ቀጥሎ ቁመቱ በታወቀ ጠፍጣፋ ሣጥን ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥና ከወለል እስከ አናቱ ያለው ተለክቶ የሣጥኑ ከፍታ ሲቀነስለት የመቀመጫ ቁመቱ ይገኛል። ከሙሉ ቁመቱ ላይ የመቀመጫ ቁመቱ ሲነሳ የቀረው የእግር ርዝመት ነው። በጉርምስና መጀመሪያ የሚያድገው መዳፍና የእግር ጫፍ፣ ቀጥሎ እግር፣ በመጨረሻም ወገብና ደረት ስለሆነ፣ እግሩ ረዝሞ ደረቱ ያልተከተለ ልጅ ገና ብዙ እንደሚቀረው ይታወቃል። በአንድ ክረምት ጫማው የጠበበውና ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የተሰቀለበት ልጅም ያው በሂደቱ መካከል ያለ ነው፤ ቅልጥፍናው ለጥቂት ወራት የሚጠፋው፣ ከጉልበቱ ሥር ወይም ከተረከዙ የሚያመውም በዚሁ ጊዜ ስለሆነ፣ በዚያ ሰሞን የታየን ልጅ «ተበላሸ» ብሎ ማሰናበት ፍርደ ገምድልነት ነው። በ1994 የወጣው የካሚስና የሮሽ ቀመር ደግሞ የልጁን ዕድሜ፣ ቁመትና ክብደት ከወላጆቹ ቁመት ጋር አዳምሮ አዋቂ ሲሆን የሚደርስበትን ቁመት ይገምታል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አካዳሚዎች የባዝ ዩኒቨርሲቲው ሾን ከሚንግ ከሚሠራባቸው ጥናቶች ጋር በተያያዘ የሞከሩት ውድድርም ልጆችን በልደት ዓመት ሳይሆን ከተገመተው ሙሉ ቁመታቸው ምን ያህል በመቶ ላይ እንደደረሱ አይቶ የሚያጋጥም ነው።

ስህተቱ በእጅጉ የሚጎላው አካል ግዙፍ መሆን በሚጠየቅበት፣ ሥራው ግን በቁጥር በማይመዘገብበት ቦታ ነው። አጥቂ በግቡ ይቆጠራል፤ የመሐል ተከላካይ ግን አቋቋሙ ትክክል በነበረባቸው ደቂቃዎች ሁሉ ምንም ያልሠራ ይመስላል። የዚህ ነገር ጫፍ በአሜሪካ እግር ኳስ ይታያል፤ በዚያ ጨዋታ ኳስ አከፋፋዩን ከባላጋራ የሚከልሉት አምስት የመስመር ተጫዋቾች በሙያተኛ ደረጃ ከ130 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሲሆኑ፣ የዩኒቨርሲቲ መልማዮች ሲያዩዋቸው ግን የ17 ዓመት ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ ጠንቃቃው መልማይ ከዛሬው ክብደት ይልቅ የክንድን ርዝመት፣ የትከሻና የዳሌን ስፋት፣ የቁርጭምጭሚትና የዳሌን መተጣጠፍ፣ እንዲሁም እግሩ ሳይጠላለፍ ወደ ጎን መራመዱን ያያል፤ ክብደት በምግብና በሥልጠና ይጨመራል፣ የክንድ ርዝመት ግን አይጨመርም። ከእነዚህ የመስመር ተጫዋቾች አንዱ የነበረው ኤሪክ ፊሸር የትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዓይን ብዙም ሳያርፍበት ሴንትራል ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ2013 ከአገሪቱ ወጣቶች ሁሉ አንደኛ ሆኖ ወደ ሙያተኛው ሊግ ተመርጧል። አውስትራሊያዊው ጆርዳን ማይላታ ደግሞ በ2018 ሲመረጥ ከራግቢ የመጣና ያንን ጨዋታ አንድም ቀን ተሰልፎ ያልተጫወተ ነበር። ሁለቱም የተገኙት የሚታየውን ክንውን ከሚቆጥር ይልቅ ገና ሊሠራ የሚችለውን አካል በሚያነብ ዓይን ነው።

በስምጥ ሸለቆው ዳርቻ ለሚደረግ የሩጫ ምልመላ ደግሞ ሌላ መሰናክል አለ፤ እርሱም ከፍታ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር፣ አሰላ 2,400 ሜትር፣ በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር የአየር ግፊቱ በአዳማ በ18 በመቶ፣ በበቆጂ ግን በ29 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ ቦታዎች የተመዘገበ አንድ ዓይነት የ3,000 ሜትር ሰዓት አንድ ዓይነት ልፋት አይደለም፤ በአየር መሳሳት በኩል አዳማ ለሯጩ ብትቀልለውም፣ ሙቀቷ ደግሞ በራሱ መንገድ ያዳክመዋል። ሰዓቶቹን በአንድ ወረቀት ላይ ደርድሮ ከላይ ጀምሮ መቁረጥ ለሥራ የሚመች ቢመስልም የልጆቹን አቅም አያወዳድርም።

ከዚህ በላይ የሚከብደው የተደበቀው ሥልጠና ነው። በ2003 በታተመ በኢትዮጵያውያን ሯጮች ላይ በተሠራ ጥናት ከማራቶን አትሌቶቹ 73 በመቶ የሚሆኑት የአርሲና የሸዋ ተወላጆች ሆነው ሲገኙ፣ 68 በመቶው በልጅነታቸው ወደ ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለሱ ነበር። ይህ ለሚመለምል ሰው ትልቅ ትርጉም አለው፤ በአርሲ ተራራ ሥር ለዓመታት በየቀኑ የሮጠ ልጅ በፈተናው ቀን የሠለጠነ ሆኖ ሲመጣ፣ በአዳማ በባጃጅ ትምህርት ቤት የሚደርሰው እኩያው ግን ፈጽሞ ያልተነካ አቅም ይዞ ይመጣል። ሁለቱ እኩል ሰዓት ቢያስመዘግቡ እኩል ናቸው ማለት አይደለም። «ሄሪቴጅ» በተሰኘው በአሜሪካና በካናዳ በቤተሰቦች ላይ በተደረገው ጥናት፣ ሁሉም ለ20 ሳምንት አንድ ዓይነት ሥልጠና ቢሰጣቸውም ኦክስጅን የመጠቀም አቅም የከፊሎቹ ምንም ያህል ሳይጨምር፣ የሌሎቹ በደቂቃ ከአንድ ሊትር በላይ ጨምሯል፤ ለሥልጠና ያለው ምላሽም ግማሽ ያህሉ በዘር የሚተላለፍ መሆኑ ታይቷል። ለሥልጠና የሚሰጥ ምላሽ በአንድ ፈተና አይታይምና፣ ልጁ ዛሬ ተፈትኖ ከጥቂት ወራት ሥልጠና በኋላ እንደገና ካልተፈተነ በስተቀር መልማዩ ዋናውን ነገር ሳያይ ይቀራል።

ቀድሞ የበራ ሁሉ ቀድሞ ይጠፋል ማለት ግን አይቻልም። በ2022 የታተመና 51 ጥናቶችን ያጠቃለለ ምርመራ እንደሚያሳየው በዓለም ደረጃ አናት ላይ የደረሱ አዋቂ ስፖርተኞች ከእነርሱ ዝቅ ካሉት ጋር ሲነጻጸሩ ዋና ስፖርታቸውን ዘግይተው የጀመሩ፣ በልጅነታቸው ሌሎች ስፖርቶችንም የተጫወቱና መጀመሪያ ላይ በዝግታ ያደጉ ናቸው። ይሁንና የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለ በ2001 በኦስተንድ በወጣቶች የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አሸንፎ በ2003 የአዋቂዎችን የ10,000 ሜትር የዓለም ክብር ወስዷል፤ ጥሩነሽ ዲባባም በዚያው በ2003 በ18 ዓመቷ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ደራርቱ ቱሉ ደግሞ በ1992 በባርሴሎና በ20 ዓመቷ ወርቅ ካገኘች በኋላ የኒው ዮርክን ማራቶን ያሸነፈችው በ2009፣ በ37 ዓመቷ ነው። ከበቆጂና ከዙሪያዋ እነዚህ ሁሉ የወጡበት ምክንያት ከፍታው ብቻ ከሆነ፣ በዚያው ከፍታ ላይ ያሉ ሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ በቆጂ በሆኑ ነበር፤ በቆጂን የለያት ልጆች በየማለዳው የሚሰበሰቡበትና እንደ ስንታየሁ እሸቱ ያለ አሠልጣኝ ለዓመታት ያያቸው ሜዳ መኖሩ ነው።

የምግብ ጉዳይም ምዘናውን ያዛባል። በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው ተገኝተዋል። በልጅነቱ በቂ ያላገኘ ልጅ ጉርምስናው የመዘግየቱ ዕድል ሰፊ ነው፤ በመሆኑም በ14 ዓመት ቁመትን ዋና መስፈርት ያደረገ ምልመላ ሳያስበው ድሃውን ከሀብታሙ ይለያል። ይህ የስፖርት ኪሳራ ብቻ ሳይሆን በደልም ጭምር ነው።

ስለዚህ የታዳጊ ቡድኖችና የሩጫ ፕሮጀክቶች አሠልጣኞች አንድ ደብተር ይክፈቱ፤ በየስድስት ወሩ የልጁን ቁመትና የመቀመጫ ቁመት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የእናቱንና የአባቱን ቁመት ይመዝግቡበት፤ የሩጫ ሰዓቱ አጠገብ የተሮጠበት ከተማና የተሮጠበት የቀኑ ሰዓት ይጻፍ። በሙከራው ያልተመረጠ ልጅም ባዶ እጁን አይመለስ፤ እንደገና የሚታይበት ቀን በጽሑፍ ይሰጠው።