ተከታታይ ውህደት

ተከታታይ ውህደት፣ በአጭሩ ሲአይ፣ በአንድ ሶፍትዌር ላይ የሚሠሩ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን በየጊዜው ወደ ጋራ ማከማቻ የሚያስገቡበትና እያንዳንዱ ለውጥ በራሱ እየተገነባ የሚፈተሽበት አሠራር ነው። ዓላማው ስህተትን ከሌላ ሰው ሥራ ጋር ሳይደራረብ በዕለቱ ማግኘት ነው።

ታሪክ

ግሬዲ ቡች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስያሜውን ተጠቀመበት። ኬንት ቤክ በኋላ የኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ አካል አደረገው። ማርቲን ፋውለር በ2000 ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ በሰፊው ታወቀ። ሃድሰን የተባለው የሲአይ ሶፍትዌር በ2011 ጄንኪንስ ተባለ፤ ትራቪስ ሲአይም በዚያው ዓመት ጀመረ። ጊትሃብ አክሽንስ በ2019 ለሁሉም ተጠቃሚ ክፍት ሆነ።

የለውጥ ምክንያቶች

ነጻ አገልግሎት ሊቋረጥ ይችላል። ትራቪስ ሲአይ ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች ያገለግል የነበረውን የቀድሞ ድረ ገጹን በ2021 ሲዘጋ ብዙ ፕሮጀክቶች ወደ ሌላ አገልግሎት ተዛውረዋል። ሌላው ምክንያት ደኅንነት ነው። በዚያው ዓመት ኮድኮቭ የተባለው መሣሪያ በሰርጎ ገቦች ተለውጦ፣ በደንበኞች የሲአይ ማሽኖች ላይ የነበሩ ምስጢራዊ ቁልፎች ለስርቆት ተጋልጠዋል።

አስቀድሞ ማቀድ

በመጀመሪያ ነባሩ ሥርዓት የሚሠራው ሁሉ ይመዘገባል፦ የሚያሄዳቸው ፍተሻዎች፣ የሚጠቀምባቸው ማሽኖች፣ የሚይዛቸው ቁልፎች። ቀጥሎ የግንባታና የፍተሻ ትእዛዞች ከአገልግሎቱ የማዋቀሪያ ፋይል ወጥተው በፕሮጀክቱ ውስጥ በራሱ ስክሪፕት ይቀመጣሉ፤ ይህም ቀጣዩን ዝውውር ያቀላል። ከዚያ አሮጌውና አዲሱ ሥርዓት ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ውጤታቸው ከተለያየ ምክንያቱ ይጣራል። አሮጌው የሚዘጋው ልዩነቱ ከተፈታ በኋላ ነው። በመጨረሻም አሮጌው የያዛቸው ቁልፎች ተሰርዘው በአዲስ ይተካሉ።

በኢትዮጵያ ሁኔታ

ለምሳሌ በምዕራብ ሐረርጌ አንዱ በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ ሌላው በሂርና፣ ሦስተኛው በገለምሶ ሆነው በጋራ የሚሠሩ ተማሪዎች ሁለት ምርጫ አላቸው። የሲአይ ማሽኑ በአንዳቸው ቤት ካለ መብራት ሲጠፋ የሁሉም ፍተሻ ይቆማል። በሩቅ አገልግሎት ላይ ከሆነ ተማሪው የሚልከው የለወጠውን ኮድ ብቻ ነው፤ ከባዱን ጭነት ማሽኑ በራሱ መስመር ያወርዳል። ነገር ግን ኢንተርኔት ሲቋረጥ ውጤቱን ማየት አይቻልም። ስለዚህ ያው ስክሪፕት በላፕቶፕም መሥራት አለበት።

ሰዓትም ይታሰብበታል። ብዙ አገልግሎቶች የጊዜ ቀጠሮን የሚይዙት ኢትዮጵያ በ3 ሰዓት በምትቀድመው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ በዚያ አቆጣጠር ለእኩለ ሌሊት የተያዘ ፍተሻ በኢትዮጵያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይነሳል።

የማሽን ለውጥ የግዕዝ ፊደልንም ሊነካ ይችላል። ፕሮግራሙ ፋይሎችን በዩቲኤፍ-8 እንዲያነብ በግልጽ ካልታዘዘ፣ በሊኑክስ በትክክል የተነበበ የአማርኛ ጽሑፍ በዊንዶውስ ሊበላሽ ይችላል። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚጠቀም ፕሮግራም ደግሞ እንደ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ባሉ ቀኖች መፈተሽ አለበት። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ነውና፣ በዝውውር ወቅት ይህ ፍተሻ ቢቀር ጉድለቱ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።