ጥር 23 እንጅባራ፦ ሲያርስ የከረመ ፈረስ የሚጋልብበት ቀን

ወዳጆቼ፣ ጠዋት ሄዶ ማታ ለመመለስ የሚመች አንድ የገጠር በዓል ንገረን ብትሉኝ ሳላመነታ የአገው ፈረሰኞችን በዓል እላችኋለሁ። ጥምቀት ባለፈ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ጥር 23፣ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ በእንጅባራ ይከበራል። አብዛኞቻችሁ በዓሉን የምታውቁት በቴሌቪዥን ዜና ነው፤ ነጭ የለበሰ ሰው፣ ያጌጠ ፈረስ፣ የሚቦን አቧራ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ዜና። ትርኢቱ በእርግጥ ያምራል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ትርኢቱን አቅፎ እዚህ ያደረሰው ነገር ነው፤ እሱን ላስረዳችሁ ጓጉቻለሁ።

በዓሉን የሚያዘጋጀው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ይባላል። ሰባቱ ቤቶች አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ኳኩራ፣ ዚገም፣ ጫራና መተከል ናቸው። በአፈ ታሪኩ ከላስታና ከዋግ በኩል ተነሥተው ወደ ጎጃም የመጡ ሰባት ወንድማማቾች ነበሩ፤ የየራሳቸውን አገር ይዘው ሰፈሩ፣ ዘራቸውም በየስማቸው ተጠራ። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም.፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የአድዋን ጀግኖችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ ነው። እስቲ ዓመቱን ልብ በሉት። ጣሊያን ገና አልወጣም። ዳንግላም እንጅባራም በጠላት ጦር እጅ ነበሩ፤ ጣሊያን ከዳንግላ ጦሩን ያስወጣው በ1933 ዓ.ም. አጋማሽ፣ አርበኞቹና የእንግሊዝ ጦር በበላያ በኩል ጎጃም ከገቡ በኋላ ነው። ታዲያ በዚያ ጊዜ ሰዎች ተሰብስበው፣ ፈረሳቸውን ይዘው፣ የአድዋን ጀግኖች እናስብ ማለታቸው ቀላል ነገር ይመስላችኋል? ለእኔ አይመስለኝም። በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ጠበል ጸዲቅ ቀምሶ መበተን ማንም በቀላሉ ሊከለክለው የማይችል ስብሰባ ነው፤ በዚያ ስብሰባ ላይ ግን ጣሊያንን ድል ያደረጉ አባቶችና ፈረሶቻቸው ሲወሱ ዋሉ ማለት ነው።

ለምን ጊዮርጊስ? የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ወር በገባ በ23 ደግሞ ጊዮርጊስ ነው። ቅዱሱ ራሱ በሥዕል ሁሉ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ የሚታይ ፈረሰኛ ነው። ድሉም ታቦቱም ፈረሱም በአንድ ቀን ገጠሙ። ፈረሱን ከጀግናው እኩል ማሰብ የአገው ብቻ ወግ እንዳይመስላችሁ፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ እየተባሉ በፈረስ ስማቸው ሲጠሩ ኖረዋል። የአዊ ሰው ያደረገው ይህን አክብሮት ማኅበር አበጅቶ በየዓመቱ ማደስ ነው።

የወሩ ምርጫ የገበሬም ነው። በጥር አዝመራው ገብቷል፣ ማሳው ደርቋል፣ ሠርግ በየመንደሩ ነው። በነሐሴ ጭቃ ላይ ማንም ፈረስ አያስጋልብም።

የአገውና የፈረስ ጉዳይ በ1888 አልተጀመረም። የአባይን ምንጭ ፍለጋ በ1770 እ.ኤ.አ. በዚህ አካባቢ ያለፈው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ አገዎች 4 ሺህ ፈረሰኛ ማሰለፍ እንደሚችሉ ጽፏል። ጎንደር ከተማ የምትበላው ከብት፣ ማርና ቅቤ በብዛት ከነሱ እንደሚሄድላትም መዝግቧል። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃው መጣ፣ መኪናው መጣ፤ በሌላ አገር ፈረሰኛ ጦር ሲበተን ፈረሱም አብሮ ከሰው ሕይወት ወጣ። በአዊ አልወጣም። ለምን?

መልሱን ለማግኘት ከጥር 23 ይልቅ በሌላ ቀን ወደ ባንጃ ደጋ ብቅ ብትሉ ይሻላል። እዚያ ፈረስ ያርሳል። አዎ፣ ሞፈር ይጎትታል! ኢትዮጵያ የበሬ አገር ናት ብለን ለተማርን ሰዎች ጥንድ ፈረስ የድንች ማሳ ሲገለብጥ ማየት ያስገርማል። ነገሩ ብልሃት አለው። ፈረስ ከበሬ ፈጥኖ ይራመዳል፣ የደጋውን ብርድም ይችለዋል። በሌላ በኩል ሻኛ የለውም። የበሬ ቀንበር ሻኛው ላይ ተደግፎ ነው የሚሳበው፤ ፈረስ ላይ ያው ቀንበር እንዳለ ቢጫን አንገቱን ይልጠዋል። ስለዚህ መጎተቻው ለፈረስ አካል እንዲስማማ ሆኖ መበጀትና መለስለስ አለበት፣ አራሹም የፈረሱን እርምጃ መልመድ አለበት። ይህ በአንድ ቀን የሚገኝ ዕውቀት አይደለም። በዚያ ላይ እህል ወደ ገበያ የሚጭነው እሱ ነው፣ በዳንግላና በእንጅባራ ጋሪ የሚጎትተው እሱ ነው፣ ሙሽራ የሚያጅበው እሱ ነው። ትልቅ ሰው ሲሞትም ፈረሱ አጊጦ ለቅሶው መሐል ይገባል። በዓሉ ላይ ግላስ ለብሶ የምታዩት ፈረስ፣ ብዙ ጊዜ፣ ክረምቱን ሲያርስ የከረመ ነው።

ማኅበሩም ከዚሁ ኑሮ ጋር የተሳሰረ ነው። አባላቱ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ በለቅሶም በሠርግም ይደራረሳሉ፣ በችግር ይረዳዳሉ። አዲስ አበባ ላይ ዕድር የምንለውን በኮርቻ ላይ አስቡት። በየዓመቱ በሚወጣው ዜና የአባላቱ ቁጥር ከ60 ሺህ በላይ ተብሎ ይነገራል። እንግዲህ ጥር 23 ላይ የምታዩት ሽምጥ ግልቢያ ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ የቆየ ማኅበር አደባባይ የሚወጣበት ዕለት ነው። ዘጠና ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ለዚህ ይመስለኛል፤ ውበት ብቻውን ይህን ያህል አያቆይም።

አሁን ወደ ሜዳው እንውጣ። ስትመለከቱ ምን እንደምትመለከቱ ካላወቃችሁ ሁሉም ሩጫ ይመስላችኋል። መጀመሪያ ፈረሶቹ በሰልፍ፣ በሶምሶማ ያልፋሉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ጌጡን የምታዩት አሁን ነው። ግላሱን፣ ልጓሙን፣ በግንባሩና በአንገቱ ዙሪያ የተንዠረገገውን ቀይና ቢጫ ዘርፍ እዩ። ከዚያ ወደ እርካቡ ዝቅ በሉ። የጥንቱ የአበሻ እርካብ የእግር አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ትንሽ የብረት ቀለበት ነው፤ ፈረሰኛው በባዶ እግሩ፣ ሙሉ ክብደቱን በጣቱ ደግፎ ይጋልብ ነበር። ዛሬ ጫማ የሚያስገባው ሰፊው እርካብ በዝቷል፤ አሮጌውን ካያችሁ ግን ዕድለኞች ናችሁ።

ከሁሉም ጉግስ አያምልጣችሁ። ፈረሰኞቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንዱ ወጥቶ ይሸሻል፣ ሌላው ዘንግ ይዞ ያሳድደዋል፤ ደርሶም ይወረውርበታል። የሚሸሸው በሙሉ ግልቢያ ላይ እያለ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ ዘንጉን በጋሻው መመከት ወይም ከኮርቻው ጎን ወርዶ መሸሸግ አለበት። ከዚያ ተራው ይገለበጣል፤ አሳዳጁ ተሳዳጅ ይሆናል። ይህ ጨዋታ ድሮ የጦር ልምምድ ነበር። ችሎታው ያለው ደግሞ ከውርወራው ይልቅ በፈረሱ ላይ ነው፤ በደንብ ያልተገራ ፈረስ ጌታው ዞር ሲል እርምጃውን ያዛባል። ስለዚህ ሰውዬውን ሳይሆን የፈረሱን ጆሮ ተከታተሉ። ወደ ኋላ ወደ ጌታው የዞረ ጆሮ ትእዛዝ እያዳመጠ ነው።

ስለ በዓላት ስናወራ ጃፓኖችን ማንሳት እወዳለሁ። ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው በፉኩሺማ የሚካሄደው የሶማ ፈረሰኞች በዓል ነው። የሳሙራይ ጥሩር የለበሱ ፈረሰኞች በሰልፍ ያልፋሉ፣ ይሽቀዳደማሉ፣ ወደ ሰማይ ተተኩሶ የሚወርድ ባንዲራ ለመያዝ ይጋፋሉ። ከሺህ ዓመት በላይ ታሪክ አለው ይሉታል፤ በሐምሌ ሙቀት ሲከበር ቆይቶ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ግንቦት መጨረሻ ተዛውሯል። እዚያ ከሚጋልቡት ፈረሶች ብዙዎቹ ከእሽቅድምድም በጡረታ የወጡ ናቸው። የአዊን ከዚህ የሚለየው ይኸው ነው፤ ፈረሱ በማግስቱ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ለመሄድ የቆረጣችሁ እንደሆነ መነሻችሁን ባሕር ዳር አድርጉ። መንገዱ አስፋልት ነው፤ በመራዊ፣ በወተት አባይ፣ በዱርቤቴ አልፎ ዳንግላ ያደርሳችኋል፣ ከዚያ በአዲስ ቅዳም በኩል እንጅባራ። ሁሉም ተደምሮ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሰሞኑን የመንገዱ ሁኔታ ምን እንደሚመስል ግን ሳትነሡ ከአገሩ ሰው ጠይቁ፤ ባለፉት ዓመታት ክልሉ ያለበትን የጸጥታ ሁኔታ ታውቃላችሁና በዚህ ላይ ቸል አትበሉ። ሌሊት ተነሡ፤ ሰልፉ ካለፈ በኋላ መድረስ ከግማሽ በላይ ማጣት ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ደጋ ስለሆነች የጥር ጠዋቷ ይበርዳል፤ ጋቢ ያዙ። ሜዳው ላይ ግልቢያው በሚያበቃበት ጫፍ አትቁሙ፤ በሙሉ ፍጥነት የመጣ ፈረስ ከመስመሩ አልፎ ነው የሚቆመው። ልጆች ካሏችሁ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉላቸው።

መንገድ ላይ ዳንግላ ቡና ጠጡ። በ1920ዎቹና 30ዎቹ እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቆንስላ የነበረባት ከተማ ናት፤ ቆንስሉ ሮበርት ቺዝማን ከዚህ እየተነሣ ነው የጣናን ዙሪያና የአባይን ሸለቆ የቃኘው። ከበዓሉ በኋላ ቀኑ ካልመሸ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ የሚገኘውን ዘንገና ሐይቅን እዩ። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ስፋቱ ትንሽ፣ ጥልቀቱ ግን ከ160 ሜትር የሚያልፍ ሐይቅ ነው፤ ጣና እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አይዘልቅም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ግልቢያው ሲያበቃ ወዲያው ወደ መኪናችሁ አትሩጡ። ፈረሰኞቹ ልጓም ፈትተው ሲያርፉ ጠጋ በሉና አንዱን አባት፣ «አባባ፣ ይሄ ፈረስ ያርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከየት እንደተገዛ፣ እናቱ የማን እንደነበረች፣ ማን እንደገራው፣ በየትኛው ሠርግ ላይ ሙሽራ እንዳጀበ ይነግሯችኋል። እዚያ ጨዋታ ላይ እስኪመሽ ብትቆዩ ይሻላችኋል፤ ዘንገና ለሌላ ቀን ይቅር።