ይሉኝታ፣ ስጋትና መርፌ፦ የሕመምተኛው ጠባይ በስኳር ሕመም እንክብካቤ ላይ



በስኳር ሕመም ክትትል ክፍሎች አዘውትሮ የሚሰማ አንድ ቃል አለ፤ «ቸልተኛ»። ሕመምተኛው ስኳሩ ከፍ ብሎ ሲገኝ ወይም ቀጠሮ ሲያሳልፍ ይህ ስያሜ ይሰጠውና ጉዳዩ በዚያው ይዘጋል። ዛሬ ልሞግተው የምሻው ይህን ቃል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳ ሥር የሰደደ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ሕክምናቸውን እንደታዘዘው የሚከተሉት በአማካይ 50 በመቶ ያህሉ እንደሆኑ አስፍሯል። ግማሹን ሰው ቸልተኛ ብሎ የሚያልፍ ሙያ ብዙ ርቆ የሚሄድ አይመስለኝም።

ባርባራ ሪግልና ባልደረቦቿ በ2012 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ፣ ራስን መንከባከብ ሦስት ሥራዎችን ይይዛል፤ ጤንነትን ጠብቆ ማቆየት፣ የሰውነትን ለውጥ መከታተል፣ ምልክት ሲታይም ተገቢውን እርምጃ መውሰድ። ክፍፍሉን የምወደው አንድ ጠባይ በአንዱ ሥራ ሲያግዝ በሌላው ሊያሰናክል እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው። ጥንቁቅና ሥርዓት ወዳድ ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል። ይሁንና ምሳው ባልደረሰበት ቀን የተለመደውን የኢንሱሊን መጠን በተለመደው ሰዓት ከተወጋ፣ ያ ሥርዓት አክባሪነቱ ራሱ አደጋ ላይ ይጥለዋል።

ቶሎ የመስጋት ጠባይ ያለውን ሰው ደግሞ እንመልከት። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከመጠን በላይ ሲወርድ ላብ፣ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መፍጠን ይከተላሉ። ጭንቀትም እነዚህኑ ምልክቶች ያመጣል። መለኪያ መሣሪያ በእጁ የሌለው ሰው በምን ይለያቸዋል? አንዳንዱ በተጨነቀ ቁጥር ስኳር ይቅማል፤ ሌላው እንደገና እንዳይወርድበት ፈርቶ ኢንሱሊኑን እየቀነሰ ስኳሩን ሆን ብሎ ከፍ አድርጎ ይኖራል። በመዝገቡ ላይ የሚታየው ቁጥር የቸልተኛ ይመስላል፤ ሰውየው ግን ቀንና ሌሊት ስለ ሕመሙ ከማሰብ አላረፈም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ይሉኝታ ነው። በተለመደው የአምስቱ ዐበይት ጠባያት አመዳደብ ውስጥ ተስማሚነት የሚባለው ይቀርበዋል፤ አንድ ናቸው ለማለት ግን እቸገራለሁ። ይሉኝታ ያለው ሰው የሌላውን ስሜት መጠበቅ ብቻ ሳይሆን በሌላው ዓይን እንዴት እንደሚታይም አስቀድሞ ይመዝናል። ይህን ሰው ከሠርግ ቤት ማዕድ ላይ አስቀምጡት። «በሞቴ» እየተባለ ጉርሻ ይቀርብለታል፤ ቡናውም ስኳር ተጨምሮበት ይመጣል። እምቢ ቢል የገፋው ምግቡን ሳይሆን አጉራሹን ይመስላል። መርፌውን ለመወጋት ከማዕድ ቢነሣ «ምን ሆነህ ነው?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። ትዳር የምታስብ ወጣት ከሆነች ደግሞ የምትደብቀው ከመርፌው ይልቅ የሕመሙን ስም ነው። እዚህ ላይ እንክብካቤውን ያሰናከለው የጠባይ ጉድለት ሳይሆን ኅብረተሰቡ የሚያመሰግነው ጠባይ ነው።

(ኢንሱሊን በጠፋበት ወይም ዋጋው ከአቅም በላይ በሆነበት ቦታ ስለ ጠባይ መተንተን ቅንጦት እንደሆነ አልዘነጋሁም። የድብርት ሕመም መኖር አለመኖሩም አስቀድሞ መታየት አለበት፤ ሮቢን ዲማቴዎና ባልደረቦቿ በ2000 ባሳተሙት የጥናቶች ቅኝት፣ ድብርት ያለባቸው ሕሙማን የሐኪምን ምክር ያለመከተል ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል።)

ጠባይ በቀላሉ አይለወጥም። አልበርት ባንዱራ በ1977 ያብራራው በራስ ችሎታ የማመን ስሜት ግን ይለወጣል፤ ከእያንዳንዱ ተግባር ጋርም የተያያዘ ነው። መርፌ ለመወጋት የማይፈራ ሰው ጉርሻ ለመመለስ ወኔ ላይኖረው ይችላል። ባንዱራ ለዚህ እምነት ከጠቀሳቸው ምንጮች ዋነኛው፣ ሰውየው ራሱ ሞክሮ ሲሳካለት ማየቱ ነው። ስለዚህ «ጣፋጭ ይቀንሱ» ከማለት ይልቅ፣ በምክር ክፍሉ ውስጥ የእምቢታውን ቃል አብሮ መለማመድ ይሻላል፤ «እጅዎን ይባርከው፣ ሐኪም ከልክሎኝ ነው» የሚለው አጉራሹን ሳያስከፋ ይመልሳል። ከቤተሰቡም አንድ ሰው ተጠርቶ የጉርሻው ነገር ቢነገረው፣ ሸክሙ ለሁለት ይከፈላል።

ወደ ክሊኒክ ልምምድ የምትወጡ ተማሪዎቼ ታዲያ «መድኃኒትዎን በአግባቡ ይወስዳሉ?» ከማለታችሁ በፊት ይህን እንድትጠይቁልኝ እፈልጋለሁ፦ «ስኳር እንዳለብዎ ቤት ውስጥ ማን ያውቃል?»