የካምቢዮ አሠራርና እንክብካቤ

የሰበካ ጉባኤ ወይም የልማት ኮሚቴ ተሽከርካሪ ምእመናን ከዕለት ጉርሳቸው ቀንሰው ባዋጡት ገንዘብ የተገዛ አደራ ነው። ይሁን እንጂ በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ ለሥራ ስንዘዋወር፣ ለነዳጅና ለጎማ በጀት የሚይዙ ኮሚቴዎች ለካምቢዮ ዘይት የሚያስቡት እምብዛም እንደ ሆነ ታዝበናል። እኛም ብንሆን ከዚህ ስሕተት አላመለጥንም፤ የካምቢዮውን ድምፅ ችላ ብለን የውኃ ቧንቧ እንደ ጫንን መንገድ ላይ ቀርተናል። ውኃ ይጠብቅ የነበረው መንደርም በእኛ ቸልተኝነት ተጨማሪ ሳምንታት ጠበቀ።

ካምቢዮ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ለውጥ ማለት ነው። የሚለውጠውም የሞተሩን ፍጥነትና ጉልበት ነው። 10 ጥርስ ያለው ማርሽ 30 ጥርስ ያለውን ሲያዞር፣ ትልቁ ማርሽ ፍጥነቱ ወደ ሢሶ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ግን ሦስት እጥፍ ወደ መሆን ይጠጋል። ከቡታጅራ በስተምዕራብ ወዳሉት የጉራጌ ተራሮች ስንወጣ ዝቅተኛ ማርሽ የምናስገባው ስለዚህ ነው።

በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ፍሪሲዮን አለ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ሁለቱን ለጊዜው ያለያያቸዋል። በካምቢዮው ሣጥን ውስጥ ደግሞ ማርሾችን የተሸከሙ ዘንጎች አሉ። የፊት ማርሾች ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተያያዙ ይኖራሉ፤ ሹፌሩ እጀታውን ሲያንቀሳቅስ የመረጠው ማርሽ ከዘንጉ ጋር ይቆለፋል። ከመቆለፉ በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስተካክለው ሲንክሮናይዘር ይባላል፤ ቀለበቱም ብዙ ጊዜ ከነሐስ መሰል ብረት ይሠራል። ይህ ሁሉ የሚኖረው በዘይት ነው።

ዘይቱ የሚለካው ተሽከርካሪው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ነው። በብዙዎቹ ተሽከርካሪዎች በጎን ያለው የመሙያ ቡሎን ሲፈታ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው አፍ መድረስ አለበት። ሲቀየርም አስቀድሞ መሙያው መከፈቱ ይረጋገጥ፤ መሙያው እምቢ ካለ የፈሰሰውን መተካት አይቻልምና። በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ ጥቂት የብረት ብናኝ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ የጥርስ ስባሪ ከተገኘ ግን ሣጥኑ ሳይፈተሽ ጉዞ አይቀጠል። የዘይቱ ዓይነትና የመቀየሪያው ኪሎ ሜትር በፋብሪካው መመሪያ ይወሰናል፤ ለዲፍረንሻል የተዘጋጀ አንዳንድ ዘይት የሲንክሮናይዘሩን ቀለበት ሊጎዳ ይችላል።

ብልሽት አስቀድሞ ይናገራል። በዜሮ ማርሽ ተሰምቶ ፔዳል ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ የካምቢዮውን ኩሽኔታ ያመለክታል። ሲረገጥ የሚመጣ ድምፅ ብዙ ጊዜ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ የፍሪሲዮኑ ዲስክ አልቋል። ማርሽ ሲገባ ከተንቋቋ ደግሞ ፍሪሲዮኑ በሚገባ አይለያይም፣ ወይም ሲንክሮናይዘሩ ተበልቷል።

ሹፌሮቻችንም እግራቸውን ፔዳል ላይ፣ እጃቸውን እጀታው ላይ አሳርፈው እንዳይነዱ እናሳስብ። ከወልቂጤ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርዱ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ዜሮ ማርሽ ማድረግ ፍሬኑን አግሎ ነፍስ ያስጠፋል፤ ቍልቁለቱን ዝቅተኛ ማርሽ ይያዝ።

ስለዚህ እያንዳንዱ ኮሚቴ የዘይት መቀየሪያ ቀንና ኪሎ ሜትር የሚጻፍበት መዝገብ ይክፈት፤ ወጪውንም በዓመታዊ በጀቱ ያስገባ። የሹፌሩን «ድምፅ አለው» የሚል ቃልም በቃለ ጉባኤ ይመዝግብ። እኛ ያን ቃል በጊዜው ሰምተን ቢሆን ኖሮ ቧንቧው በቀኑ ይደርስ ነበር።