ሁለት ያረጁ ፕሮሰሰሮች፤ ለተማሪ ኪስ የሚበጀው የትኛው ነው?

ከእኛ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል አዲስ ላፕቶፕ ለመግዛት ዐቅም ያለው ጥቂት ነው። ይልቁንም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ስለ ናረ፥ ብዙዎቻችን ፊታችንን ወደ አሮጌው አዙረናል።

ባለፈው ዓመት አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን፥ እናቱ ከቡና ሽያጭ ቆጥበው የላኩለትን ገንዘብ ይዞ ገበያ ወጣ። እኛም አብረነው ሄድን። ሁለት ላፕቶፖች ቀረቡለት፤ አንደኛው ወፍራም፥ ከባድ፥ ጠርዙ የተፋቀ ነው፤ ሁለተኛው ቀጭን፥ ቀላልና አዲስ የሚመስል ነው። ሻጩ «ቀጭኑ የቅርብ ጊዜ ሥሪት ነው» አለ፤ እኛም «ቀጭኑን ውሰድ» ብለን መከርነው። ዳሩ ግን የመመረቂያ ጽሑፉን ሲጀምር፥ ጽሑፉን ከአራት ከአምስት መጻሕፍት ጋር ባንድነት ከከፈተ፥ ማሽኑ ደንዝዞ ይቀራል። አሁን ሌሊት ሌሊት፥ እኛ ስንተኛ፥ የእኛን ማሽን እየተዋሰ ይጽፋል።

እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች እንጂ መሐንዲሶች አይደለንም። ሆኖም ጓደኛችንን ያሳሳትነው እኛው ስለ ሆንን፥ ነገሩን መርምረን የተረዳነውን ለእናንተ ለወንድሞችና ለእኅቶች ለማስረዳት ተነሥተናል።

በመጀመሪያ የሁለቱን ስም እናስተዋውቅ። በወፍራሙ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር ኢንቴል ኮር አይ5-2520ኤም ይባላል፤ የወጣውም በ2003 ዓ.ም. ማለት በፈረንጆች 2011 ነው። እንደ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ420፥ እንደ ዴል ላቲቲዩድ ኢ6420ና እንደ ኤችፒ ኤሊትቡክ 8460ፒ ባሉ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፖች ውስጥ ይገኛል። በቀጭኑ ውስጥ ያለው ኢንቴል ሴሌሮን ኤን3060 ነው፤ የወጣውም በ2008 ዓ.ም. በፈረንጆች 2016 ሲሆን፥ ኤችፒ ስትሪምን በመሰሉ አነስተኛ ማሽኖች ውስጥ ይገኛል።

ፕሮሰሰር ማለት የኮምፒዩተሩን ስሌት ሁሉ የሚሠራው ክፍል ነው። አሠራሩን ለመረዳት አንድ እንጀራ ቤት እናስብ። ኮር የሚባለው አንዲት ጋጋሪ ነው። በጊጋኸርትዝ የሚለካው የእጇ ፍጥነት ነው። ካሽ የሚባለው ከአጠገቧ ያለው ቡሃቃ ነው፤ ራም ጓዳው ነው፤ ዲስኩ ደግሞ ራቅ ያለው ወፍጮ ቤት ነው። ሊጡ ከቡሃቃው ካለቀ ወደ ጓዳ፥ ከጓዳም ከታጣ ወደ ወፍጮ ቤት መላክ ግድ ይሆናል፤ እስከዚያ ድረስ ምጣዱ ባዶውን ይግላል።

እንግዲህ ሁለቱም ፕሮሰሰሮች ሁለት ሁለት ጋጋሪ አሏቸው። ነገር ግን የአይ5 መደበኛ ፍጥነት 2.5 ጊጋኸርትዝ ሲሆን፥ ሥራ ሲበዛበት እስከ 3.2 ይደርሳል፤ ሴሌሮኑ ከ1.6 ተነሥቶ ቢበዛ 2.48 ይደርሳል። የአይ5 ቡሃቃ 3 ሜጋባይት፥ የሴሌሮኑ 2 ሜጋባይት ይይዛል። ከዚህም በላይ የአይ5 ጋጋሪዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ምጣድ ይጠብቃሉ፤ አንዱ ተከድኖ ሲበስል በሌላው ላይ ሊጥ ያፈሳሉ። ይህን ባለሙያዎች ሃይፐር ትሬዲንግ ይሉታል። የጋጋሪዋ እጅ ያው ስለ ሆነ ሥራው እጥፍ አይሆንም፤ ይሁን እንጂ በከንቱ የሚያልፈው ጊዜ ይቀንሳል። ሴሌሮኑ ይህ የለውም።

ዋናው ልዩነት ግን ከፍጥነቱ ቁጥር ላይ አይታይም። ይኸውም በአንድ ምት የሚሠራው ሥራ መጠን ነው። አይ5 በአንድ ምት እስከ አራት ትእዛዝ እንዲቀበል ሆኖ ሲሠራ፥ ሴሌሮኑ እስከ ሁለት ብቻ ይቀበላል። ስለዚህ በአምስት ዓመት የሚበልጠው አሮጌ፥ ከታናሹ ከእጥፍ በላይ ይሠራል።

«ፋብሪካው ከአምስት ዓመት በኋላ እንዴት የባሰ ይሠራል?» የሚል ይኖራል። መልሱ በሐዋሳ ጎዳና ላይ ይገኛል። ዘንድሮ የተገዛ ባጃጅ አለ፤ የዛሬ ዐሥር ዓመት የተገዛ አይሱዙም አለ። አዲስ ነው ብሎ ሠላሳ ኩንታል ጤፍ በባጃጅ የሚጭን ግን የለም። ሴሌሮኑም ባጃጅ ነው፤ የተፈጠረው በጥቂት ኃይል ቀላል ሥራ እንዲሠራ ነው።

ለባጃጁም ፍርድ እንስጥ። አይ5 የተነደፈው ለ35 ዋት ሙቀት ሲሆን ሴሌሮኑ ለ6 ዋት ብቻ ነው። ማሽኑ ሁልጊዜ ያን ያህል ይበላል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን መብራት በሄደ ጊዜ ልዩነቱ ይታወቃል። ለምሳሌ 48 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፥ 16 ዋት ለሚበላ ማሽን 3 ሰዓት፥ 8 ዋት ለሚበላ ግን 6 ሰዓት ይበቃዋል። በዚያም ላይ ቀጭኑ ብዙውን ጊዜ ማራገቢያ ስለሌለው በቤተ መጻሕፍት ውስጥ አይጮኽም፤ በቦርሳም አይከብድም። ኤች.265 በተባለው ዘዴ የተጨመቀውን ፊልም ለመግለጥም የተዘጋጀ ክፍል አለው፤ አይ5 ይህ የለውም። ሥራው ማስታወሻ መያዝና አንድ አንድ መጽሐፍ ማንበብ ብቻ ለሆነ፥ መብራትም ለሚያስቸግረው ተማሪ፥ ቀጭኑ አይናቅም።

የመጠገን ነገር ሲመጣ ግን ሚዛኑ እንደ ገና ወደ ወፍራሙ ያደላል። በብዙ ቀጫጭን ማሽኖች ውስጥ ራሙና ማከማቻው ከሰሌዳው ጋር ተበይደው ስለሚመጡ፥ 32 ጊጋባይት ብሎ የጀመረ በዚያው ይኖራል። ከላይ የጠቀስናቸው ወፍራሞች ግን በመፍቻ ተከፍተው ራማቸው ይጨመራል፤ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ወጥቶ ኤስኤስዲ ይገባላቸዋል፤ ባትሪያቸውም ተነቅሎ ይለወጣል። ኤስኤስዲ ማስገባት ወፍጮ ቤቱን ከጓዳው አጠገብ እንደ መትከል ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የወፍራሙ ዋጋ 3 እጅ፥ የቀጭኑ 2 እጅ ነው እንበል። ቀጭኑ 1 ሥራ ሲሠራ ወፍራሙ 2 የሚሠራ ከሆነ፥ የአንዱ ሥራ ዋጋ በቀጭኑ 2፥ በወፍራሙ 1.5 ይሆናል። ስለዚህ ርካሽ የመሰለን ውድ ነበር። ነገር ግን ወፍራሙን የሚገዛ ሰው የኤስኤስዲና የባትሪ መለወጫ ገንዘብ አስቀድሞ ከዋጋው ጋር ይደምር፤ አለዚያ ሒሳቡ ያታልለዋል።

ሁለቱም የሚጋሩት አንድ ጉድለት አለ። ዊንዶውስ 11 ሁለቱንም ከሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ አላስገባቸውም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስን መልመድ ይጠቅማል፤ አማርኛም ይጻፍበታል።

በመጨረሻ ገበያ ለሚወጣ ሁሉ ይህን እንላለን። ሻጩ «ኮር አይ5 ነው» ብሎ ቢያቆም አትርኩ፤ ስሙን እስከ መጨረሻው አንብቡ። በ2520ኤም ውስጥ የመጀመሪያው 2 ሁለተኛ ትውልድ መሆኑን፥ ኤም ደግሞ ለላፕቶፕ የተሠራ መሆኑን ይነግራል። በዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፥ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች ባንድነት ብትጫኑ፥ በሚከፈተው መስኮት ውስጥ «ፐርፎርማንስ» በሚለው ገጽ ሙሉ ስሙ ይታያል። ከዚያም የምትሠሩበትን ጽሑፍና አምስት መጻሕፍት በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁሉንም ባንድነት ክፈቱና ተመልከቱ። ቻርጀሩንም ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። ሻጩ ቢሰለች ይሰልች፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና።

እኛ ይህን ፍተሻ ሳናደርግ መክረን የአንዲት እናት የቡና ገንዘብ ለማይሆን ሥራ እንዲውል አደረግን። በጓደኛችን ማሽን ላይ ቀለል ያለ ሊኑክስ ጭነንለታል፤ አሁን አንድ አንድ መጽሐፍ እየከፈተ ይሠራበታል። ብዙ መጻሕፍት የሚያመሳክርበት ምዕራፍ ሲደርስ ግን፥ ጽሑፉ እስኪያልቅ ድረስ የእኛ ማሽን የእርሱም ነው።